የእማማ የሺ ንቦች

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ አልጋ ሥር የተቀመጡትን ካርቶኖች ስትፈትሽ አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳን አገኘች። ጠርዙ ዝጓል፤ መሐሉ ላይ ግን ቢጫ ቀለሙ አሁንም አለ። ታናሽ ወንድሜ ናቲ ከሄደ ወዲህ እናቴ ካርቶን መፈተሽ ታበዛለች፤ ምን እንደምትፈልግ ነግራኝ አታውቅም። ክዳኑን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። የማን እንደነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

የእማማ የሺ ነበር።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ አምስት አባወራ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር። የእኔ ዘመን ልጆች እንዲህ ያለውን ግቢ ያውቁታል። ጠዋት ጠዋት የላምባ ምድጃና የእርጥብ ጭቃ ግድግዳ ሽታ፣ ከሰዓት በኋላ በቦዩ የሚወርድ የሳሙና አረፋ፣ ብይ ስንጫወት ቆፍረን ቆፍረን ያጎደጎድነው የግቢው መሐል። እኔ ብይም ቆርኪም አይሆንልኝም ነበር። የሚሆንልኝ ቁጭ ብሎ ማየት ነበር። ጉንዳን ከስንጥቁ ሲወጣ፣ ውሃ በባልዲው ጠርዝ ዞሮ ሲንጠባጠብ፣ ምንም ይሁን ምን አያለሁ። እናቴ «ይሄ ልጅ እንዲህ እንዳፈጠጠ አንድ ቀን ግድግዳውን ያፈርሰዋል» ትል ነበር።

የእማማ የሺ ቤት ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያዩም ነበር። ያም ሆኖ ልደታ ማርያም ብቻቸውን ደርሰው ይመለሳሉ፤ መንገዱን በእርምጃ ቆጥረው ይዘውታል። አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ግርማ። ግርማ በመተማ አድርጎ ሱዳን ሊሠራ ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። መጀመሪያ ላይ በየወሩ ጥግ ላይ ባለው ሱቅ ስልክ ይደውል ነበር፤ ባለሱቁ ልጁን ይልካል፤ እማማ የሺም ነጠላቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ። ኋላ መደወሉ ቀረ። በግቢው ውስጥ «እማማ፣ ግርማ ደወለ?» የማይል ሰው አልነበረም። ሰላምታ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

በጥር ወር አንድ ቀን ቀትር ላይ እማማ የሺ በራቸው ላይ ቆመው «ኑ! ኑማ ስሙልኝ!» ብለው ተጣሩ። የግቢው ሴቶች ልብስ እያጠቡ ነበርና እጃቸው ላይ አረፋ እንዳለ ገቡ። እኔም በእግራቸው መሐል ሾልኬ ገባሁ። የቤቱ ኮርኒስ የተወጠረ አቡጀዲ ነበር። ከአቡጀዲውና ከቆርቆሮው መሐል፣ ልክ ከአልጋቸው በላይ፣ አንድ ነገር ያለማቋረጥ ጥዝ ይላል። አቡጀዲው እንደ ከበሮ ቆዳ ድምፁን እየተቀበለ ያጎላዋል።

«ንብ ገባልኝ» አሉ እማማ የሺ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። «እናቴ ነፍሷን ይማረውና፣ ንብ የገባበት ቤት ሰው ሊመጣበት ነው ትል ነበር። ንብ ዝም ብሎ የሰው ቤት አይገባም። መንገድ ላይ ነው ልጄ።»

ሴቶቹ ተያዩ። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ኮርኒሱን ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ «እውነትም ንብ ነው፣ እማማ» አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ማታ የእድሩ ዳኛ ጋሽ በላይ መጡ፤ በከዘራቸው ጫፍ ወደ ጣሪያው እያመለከቱ «ሲሳይ ነው፣ የሺ። ሲሳይ ነው» ብለው ወጡ። ከበሩ ሲወጡ አፍንጫቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ አይቻለሁ። ጉንፋን የያዛቸው መስሎኝ ነበር።

እኔ ግን በማግሥቱ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ በግድግዳውና በቆርቆሮው መሐል ያለችውን ክፍተት ሳይ ዋልኩ። ንብ አልነበሩም። ንብ ድብልብልና ጸጉራም ናት፤ ስትበር ቀጥ ብላ ነው። እነዚህ ወገባቸው ክር ያህላል። ሲበሩ የኋላ እግሮቻቸውን ወደ ታች አንጠልጥለው፣ ነፋስ እንደሚያወዛውዘው ነገር እየዋለሉ ነው። ሲያርፉ ክንፋቸውን በቁመቱ አጥፈው ጀርባቸው ላይ ያስተኛሉ። ጥዝ የሚሉትም ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ብቻ ነው፤ ጎጇቸውን በክንፋቸው እያራገቡ ነበር። ሲመሽ ጸጥ ይላሉ።

ለእናቴ «ተርብ ናቸው» አልኳት። ክንዴን ቆንጥጣ «አፍህን ዝጋ» አለችኝ። «ማንም ሰው ጋ እንዲህ ስትል እንዳልሰማ!» ቁንጥጫው ሁለት ቀን ቀላ። እኔም አንድ መደምደሚያ ላይ ደረስኩ፤ ትልልቅ ሰዎች ተርብና ንብ አይለዩም፤ ሲነገራቸውም ይቆጣሉ።

እማማ የሺ በየጠዋቱ ስኳር በውሃ በጥብጠው፣ በዚያች በቆርቆሮ ክዳን አድርገው መስኮታቸው ደፍ ላይ ያስቀምጡ ጀመር። ከዚያ ይጠሩኛል። «ና እስቲ፣ አንተ ዓይናማ። ምን እያደረጉ ነው?» ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። አሁን አንዷ ክዳኑ ጠርዝ ላይ አርፋለች፤ የፊት እግሯን ስኳሩ ውስጥ ልትነክር ነበር፣ ተወችው፤ አንገቷን ደፍታ እየጠጣች ነው፤ ሆዷ ከፍ ዝቅ ይላል። እሳቸው ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው «ከዚያስ?» ይላሉ። ያየሁትን ስዘረዝር «ከዚያስ?» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እማማ የሺ ናቸው። ትምህርት ቤት አስተማሪው «ባጭሩ ተናገር» ይለኝ ነበር፤ ቤት «ዝም በል» ነበር። እውነቱን ለመናገር ያ ጥርና የካቲት ከልጅነቴ ሁሉ ደስ ያለኝ ጊዜ ነው።

አንድ ቀን አዲስ የተፈለፈለች ተርብ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ አየሁ። ወዲያው አልሄደችም። ከክፍተቷ እንደወጣች ፊቷን ወደ ቤቱ መልሳ በአየር ላይ ቆመች። ከዚያ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየተመላለሰች፣ እየራቀች እየራቀች፣ ግን ሁልጊዜ ፊቷን ወደመጣችበት አድርጋ፣ መጨረሻ ላይ ተፈትልካ በቧንቧው በኩል ሄደች። ይህንንም ነገርኳቸው።

«ቤቷን እያየች ነው» አሉ እማማ የሺ። «ስትመለስ እንዳትስተው።» በእጃቸው ወደ ቧንቧው እያመለከቱ «ግርማም ዞሮ አይቷል። እዚያ ጋ፣ ቧንቧው አጠገብ ደርሶ ዞሮ አየኝ። ያን ጊዜ ዓይኔ ጥላውን ሳይሆን ፊቱን ይለይ ነበር» አሉ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ከጾሙ በፊት ተርቦቹ በሁለት አቅጣጫ ነበር የሚሄዱት። አንዳንዶቹ ወደ አስፋልቱ፣ ጥግ ወዳለው ሥጋ ቤት፤ አንዳንዶቹ በእኛ ጣሪያ በላይ ተሻግረው ወደ ኋላ መንደር። ጾሙ ገብቶ የአስፋልቱ ሥጋ ቤት ሲዘጋ ሁሉም በጣሪያችን በላይ መሄድ ጀመሩ። ከጣሪያችን ኋላ የጋሽ ሰይድ ሥጋ ቤት አለ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው፣ ሙስሊም ናቸው፤ ልጃቸው ከማል ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ይማራል፤ ያለኝ ጓደኛ እሱ ብቻ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ተርብ አያባርሩም። ጠዋት ሥጋውን ሲሰቅሉ ከጉበቱ ቀንሰው ቁራጭ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያኖራሉ። «ድርሻቸውን ካገኙ የተሰቀለውን አይነኩም» ይሉ ነበር፤ እውነትም አይነኩም። ከማል ግን ሳያሾፍብኝ አያልፍም።

«ስማ፣ የእማማ የሺ ንቦች ሰለሙ እንዴ?» አለኝ። «በጾም እኛ ጋ ምን ያመላልሳቸዋል?»

«የእማማ የሺ መሆናቸውን በምን አወቅህ?»

«ታዲያ የማን ናቸው? አንተም እኮ በእነሱ ሰበብ ነው ሥጋ ቤት ደጃፍ የምትውለው። ለእናትህ ልንገርብህ?»

ጥያቄዬ ግን የምር ነበር። የእማማ የሺ መሆናቸውን በምን ይታወቃል? ማረጋገጥ ፈለግሁ። ተርብ ጉበት ስትቆርጥ ሌላ ነገር አታይም፤ በመንጋጋዋ ዙሪያውን ትቆርጣለች፣ በፊት እግሮቿ እያዞረች ታድበለብላለች፤ ከከበዳት ትጥላትና ቀንሳ እንደገና ታነሳለች። ከማል ከክፍል የሰረቀውን ጠመኔ በጥፍሩ ፈቅፍቆ፣ እስትንፋሱን ይዞ፣ አንዷ ጀርባ ላይ በተነባት። እኔ ሮጥኩ። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ሳጥኔ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም አልቆየች። ዝቅ ብላ፣ ሸክሙ እየጎተታት፣ የልብስ ገመዱ ላይ አንድ ጊዜ አርፋ መጣች። ጀርባዋ ነጭ ነው። አፏ ላይ ምስር የምታህል ቀይ ነገር ይዛለች። እማማ የሺ ቤት ገባች።

በሕይወቴ አንድን ነገር በራሴ አረጋግጬ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ይህን ያህል ደስ ያለኝ ነገር ለማን እነግራለሁ? «ከዚያስ?» ለሚለኝ ሰው ነዋ።

እማማ የሺ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ምስር በጣታቸው እየዳሰሱ ይለቅሙ ነበር።

«እማማ፣ ሥጋ ሲበሉ ያዝኳቸው!»

«እነማን?»

«ንቦቹ። ጋሽ ሰይድ ጋ። ጀርባዋ ላይ ጠመኔ አድርገንባት እዚህ ገባች።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። «በጾም?»

«በጾም።»

«ንብ ሥጋ ይበላል እንዴ?»

«አይበላም።»

«እና ምንድን ናቸው?»

የእናቴ ቁንጥጫ ትዝ ብሎኛል። ግን ማስረጃ ነበረኝ። «ተርብ ናቸው» አልኩ። «ከመጀመሪያውም ተርብ ናቸው፣ እማማ። ትልልቆቹ ናቸው የተሳሳቱት።»

ኮርኒሱ ጥዝ ይላል።

«እናትህ አይታ ንብ ነው ብላኛለች።»

«አላወቀችም።»

«በላይም ብሎኛል። ገጠር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው።»

«እሳቸውም አላወቁም።»

«አምስት ቤት ሙሉ ሰው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ንብና ተርብ መለየት አቃተው?»

የጠየቁት እኔን አልነበረም። «ግርማ ደወለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ማን ነበር መጨረሻ?» አሉ። «እኔ እንጃ» አልኩ። «ከጥር ወዲህ ማንም አልጠየቀኝም» አሉ። «ማንም።» ከዚያ የተለቀመውንና ያልተለቀመውን ምስር አንድ ላይ ደባለቁት። «ሂድ፣ ተጫወት የኔ ጌታ።»

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ጀሪካን ይዛ ወጣች። ተኝቼ ነበር፤ የቀሰቀሰኝ የጀሪካኑ መውደቅ ነው። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። እማማ የሺ ቧንቧው አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ፊታቸው አዙረው ለብሰዋል፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። እናቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ቆማለች።

«ማን ነገረዎት?» አለች እናቴ። «እማማ! ማን ነገረዎት?»

እማማ የሺ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«ማንም አልነገረኝም» አሉ። «ይኸው አሁን አንቺ ነገርሽኝ።»

የቀረውን ዓመታት አልፈው እናቴ ነግራኛለች። በጥር ወር ከመተማ የተመለሰ አንድ ሰው ግርማ መሞቱን ለጋሽ በላይ ነግሯቸው ነበር። የእድሩ ሽማግሌዎችም ወጉ እንደሚያዘው ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው መጥተው መርዶውን ሊነግሯቸው ቀን ቆርጠዋል። በዚያው ሳምንት ኮርኒሱ ጥዝ ማለት ጀመረ። እማማ የሺ ደስ አላቸው። ማን ደፍሮ ይንገር? ለቀጣዩ ሳምንት ይሁን ተባለ። ከዚያ ጾሙ ይግባ፣ ከዚያ ፋሲካ ይለፍ ተባለ። መላው ግቢ ተርቡን እያየ ንብ ነው ሲል የከረመው አላውቅ ብሎ አይደለም። አላዋቂው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያን ቀን ድንኳን ተተከለ። ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ቤት ተርብ አይሁንበት ብለው የእድሩ ወጣቶች አቡጀዲውን በአንድ ጎን ቀደው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጭስ አጭሰው፣ ጎጆውን አወረዱት። መዳፍ የምታህል፣ ከተላመጠ እንጨት የተሠራች ግራጫ ነገር ናት። ውስጧ ነጫጭ እጮች ነበሩ። አንዱ ልጅ በጫማው ረገጣት። ከቀትር በኋላ ሥጋ ፍለጋ የሄዱት ተርቦች አፋቸው ላይ እንክብላቸውን ይዘው ተመለሱ። ጎጆው በነበረበት፣ ልክ በነበረበት ቦታ፣ አየር ላይ እየዋለሉ ቆሙ። እስኪመሽ ነበሩ። በማግሥቱም ጥቂቶቹ መጡ። ጀርባዋ ነጭ የሆነችው መኖሯን ለማየት ሳጥኔን አላወጣሁም።

እማማ የሺ አልተቆጡኝም። ከዚያም በኋላ አራት ዓመት ኖረዋል፤ ሳልፍ ኮቴዬን ለይተው «ደህና ዋልክ» ይሉኛል። ግን ዳግመኛ «ከዚያስ?» ብለውኝ አያውቁም። ክዳኗን ቤታቸው ሲለቀቅ እናቴ ናት ያነሳቻት።

እኔ ከአሥረኛ ክፍል አላለፍኩም። የማውቀውን ያወቅሁት ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎችና ከስልኬ ነው። ስለ ተርብ ብዙ አነበብኩ፤ ምን ፈልጌ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ምናልባት እናቴ ካርቶኑን እንደምትፈትሸው ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን የማልረሳውን ነገር አገኘሁ። ያደገች ተርብ ሥጋ አትበላም። ወገቧ ቀጭን ስለሆነ ጠጣር ነገር ወደ ሆዷ አያልፍም። እሷ የምትኖረው በአበባ ጭማቂና በጣፋጭ ውሃ ነው። ሥጋውን ቆርጣ፣ አድበልብላ፣ በዚያ ሁሉ መንገድ ተሸክማ የምትመጣው ለልጆቿ ነው። ጎጆው ውስጥ ላሉት እጮች።

ስለዚህ ያን ቀን የተናገርኩት እውነት እንኳ አልነበረም። «ሥጋ ሲበሉ ያዝኳቸው» አልኩ። አልበሉም። ሲበሉም አላየሁም፤ ሲቆርጡና ሲሸከሙ ብቻ ነው ያየሁት፤ የቀረውን እኔ ጨመርኩበት። በደንብ አይቼ ቢሆን ኖሮ «እማማ፣ እነሱ ይጾማሉ፤ ለልጆቻቸው ነው የሚወስዱት» እላቸው ነበር። ንብ አያደርጋቸውም። ግርማንም አያስነሳውም። ግን ልዩነት ነበረው፤ አሁን ያ ልዩነት ለማንም አይጠቅምም።

ዛሬ የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠመንጃ ያዥ የነበረው ግቢያችን ቦታ ላይ በቆርቆሮ የታጠረ ጉድጓድ አለ። ናቲ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። መጨረሻ የደወለው ከማላዊ ድንበር ነው፤ ሦስት ደቂቃ ያህል አወራን፤ ነፋስ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም።

ያን ጊዜ አምስት ቤት ሰው አንዲት እናት ለሁለት ወር ደስ ይበላት ብሎ ተማክሮ ዋሸ። አሁን በደረጃችን ላይ ካሉት ጎረቤቶች መሐል ናቲ የሚባል ልጅ እንደነበረን የሚያውቅ መኖሩን እጠራጠራለሁ። መርዶ ሊነግረን ጎሕ ሲቀድ የሚመጣ ሽማግሌ የለም። የሚመጣ ከሆነ በስልክ ነው፤ ምናልባት ታክሲ ውስጥ ቆሜ፣ ከማላውቀው ቁጥር፣ በፎቶ። ስለዚህ ስልኬን እናቴ ፊት አልከፍትም። እሷም አትጠይቀኝም። «ናቲ ደወለ?» የሚል ቃል ቤታችን ውስጥ ከተሰማ ወራት አልፈዋል፤ መጨረሻ ማን እንዳለው አስታውሳለሁ፤ እኔ ነኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቶ ነበር። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። አንድ ነገር መጥታ እርጥቡ አንሶላ ጫፍ ላይ አረፈች።

«ንብ ናት?» አለች እናቴ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ወገቧ ክር ያህላል። ክንፎቿን በቁመቱ አጥፋ ጀርባዋ ላይ አስተኝታለች። ውሃውን እየመጠጠች ሆዷ ከፍ ዝቅ ይላል። ስትነሳ የኋላ እግሮቿን ወደ ታች አንጠልጥላ፣ እየዋለለች፣ ከባቡሩ ሐዲድ ወዲያ ሄደች።

«አዎ» አልኳት። «ንብ ናት።»

እናቴ ረጅም ጊዜ አየችኝ። በእማማ የሺ ኮርኒስ ሥር ቆማ «እውነትም ንብ ነው» ያለችው እሷ ናት፤ ተርብ ከንብ የምትለይ ሰው ናት። ከወንበሯ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። የስኳሩ ጣሳ ሲከፈት፣ ማንኪያም ያቺን የቆርቆሮ ክዳን ሲነካ ሰማሁ።